ስታር ዲስትሮየር

የፊልም ሞዴል፣ ቫን ናይስ፣ ካሊፎርኒያ
ፕላስቲክና ልዩ ልዩ ቁሶች፤ ርዝመት 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ

እ.ኤ.አ. በ1977 «ስታር ዋርስ» ሲጀምር ከተመልካቹ አናት በላይ እያለፈ አላልቅ የሚለው መርከብ ይህ ነው። በታሪኩ 1,600 ሜትር ይረዝማል፤ ሞዴሉ ግን አንድ ሜትር አይሞላም። በፊልሙ አሳድዶ የሚይዛት የትንሿ መርከብ ሞዴል እንኳ ይበልጠዋል።

ጠጋ ብለው ጎኑን ይመልከቱ። ከላይኛውና ከታችኛው አካል መካከል ያለው ጠባብ ቦይ በጥቃቅን ክፍሎች ተጠቅጥቋል። የፊልሙን ልዩ የእይታ ውጤቶች የሠራው ኩባንያ፣ የኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ፣ ሞዴል ሠሪዎች በየመደብሩ የሚሸጡ የታንክ፣ የጦር መርከብና የእሽቅድምድም መኪና ተገጣጣሚ ሞዴሎችን ገዝተው ፈታቱ፤ ክፍሎቹንም ካልታሰቡበት ቦታ ላይ አጣበቁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም ሲቀባ የታንኩ ክፍል ከታንክ መምጣቱ ይረሳል። ዝርዝሩ በበዛና በደቀቀ ቁጥር ደግሞ ዓይናችን መርከቡን እያገዘፈ ያየዋል። ትልቁ ሙያ ማጣበቁ ሳይሆን የቱ ክፍል የት እንደሚያምር መምረጡ ነው፤ ባዶ የተተወው ሰፊ ገጽም የዚያው ምርጫ አካል ነው።

ሲቀረጽ የተንቀሳቀሰው መርከቡ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚመራው ካሜራ ነበር።

ፊልሙ በ1978 በልዩ የእይታ ውጤቶች (ቪዥዋል ኢፌክትስ) ኦስካር አሸነፈ፤ ከአምስቱ ተሸላሚዎች አንዱ የሞዴል ሠሪዎቹ አለቃ ግራንት ማኪዩን ነው።