ምስል ሲገለበጥ

በ1980ዎቹ ማብቂያ ላይ ዋሽንግተን የምትኖረው አክስቴ የሠርጓን ቪዲዮ ካሴት በሰው እጅ ላከችልን። ጎረቤት ተጠራ፤ ቡና ተፈላ፤ ካሴቱ ዴክ ውስጥ ገባ። የታየው ግን ሙሽራ ሳትሆን ወደ ላይ የሚንከባለል የተቆራረጠ ምስል ነበር፤ ድምፁም እንደ ሰካራም ወሬ የተጎተተ። እናቴ ዕቃውን ያመጣውን ሰው ጠረጠረች። የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ባለቤት ካሴቱን አገላብጦ አየና ገላገለን፤ "የአሜሪካ ነው፤ በእናንተ ዴክ አይሠራም። ይገለበጣል፤ ከነገ ወዲያ ኑ።"

ዛሬ ማንም ሰው አንድን የቪዲዮ ፋይል ኢንተርኔት ላይ ካሉት መቀየሪያዎች ወደ አንዱ ልኮ፣ ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ በሌላ ፎርማት ይቀበለዋል። ሥራው እንዲህ ከመቅለሉ በፊት ግን ብዙ ዓመት የፈጀ ጣጣ ነበረው። መነሻውም፣ ማን ይገምታል፣ የመብራት ኃይል ነው።

የድሮው ቴሌቪዥን ምስሉን የሚሥለው መስመር በመስመር ነበር። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የጸደቀው የአገሪቱ የቴሌቪዥን ደንብ በሴኮንድ 30 ምስል፣ በእያንዳንዱ ምስል 525 መስመር እንዲሆን ወሰነ። ኤን ቲ ኤስ ሲ የሚባለው ይኸው ነው። የአውሮፓ ኤሌክትሪክ ግን 50 ነውና በዚያ 25 ምስልና 625 መስመር ተመረጠ። የቀለም ዘመን ሲመጣ ልዩነቱ ባሰ። የአሜሪካው ቀለም በመንገድ ላይ ስለሚዛባ ባለሙያዎቹ ራሳቸው "ሁለቴ አንድ ዓይነት ቀለም የማያሳይ" እያሉ ያሾፉበት ነበር። ጀርመናዊው መሐንዲስ ዋልተር ብሩህ፣ ቴሌፉንከን ኩባንያ ውስጥ ሳለ፣ ስህተቱ መስመር በመስመር እርስ በርሱ እንዲጣፋ የሚያደርገውን ፓል የተባለ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1963 አሳየ። ፈረንሳዮች ደግሞ፣ መቼም ፈረንሳይ ናቸውና፣ ሴካም የሚባል የራሳቸውን አመጡ። ኤሌክትሪካችን 50 የሆነው እኛ የፓል ወገን ሆንን። የአክስቴ ካሴት ምንም አልነካውም ነበር፤ የሁለት ዓለም ልጅ ሆኖ ነው።

ታዲያ አንዱን ወደ ሌላው እንዴት ይለውጡ ነበር? መልሱ ያስቃል። አንዱ ቴሌቪዥን ያሳያል፤ የሌላው አገር ካሜራ ፊቱ ተገትሮ ያነሳዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ከለንደን ባለ 405 መስመር ተነስቶ ባለ 819 መስመር ወደሆነው ፈረንሳይ የተሻገረው በዚሁ መንገድ ነው። ያለ ካሜራ፣ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚለውጠው የቢቢሲ መሣሪያ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968፣ የእኛው ማሞ ወልዴ ማራቶን ባሸነፈበት በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ነበር።

በዓመቱ ደግሞ የዘመኑ ትልቁ ግልበጣ መጣ። ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃን በእግሩ ሲረግጥ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል ነው። ከጨረቃ የሚመጣው ሞገድ የጠፈርተኞቹን ድምፅ፣ የልብ ትርታቸውንና የመንኮራኩሩን መረጃ ሁሉ ተሸክሞ ስለነበር ለቴሌቪዥን የተረፈው ቦታ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ካሜራው በሴኮንድ 10 ምስል ብቻ፣ በ320 መስመር እንዲልክ ተደረገ። ይህን ሊያሳይ የሚችል ቴሌቪዥን በማንም ቤት አልነበረም። በካሊፎርኒያ ጎልድስቶንና በአውስትራሊያ ሃኒሰክል ክሪክና ፓርክስ የነበሩት ጣቢያዎች ምስሉን ተቀብለው በትንሽ ስክሪን ላይ አወጡት፤ ከፊቱ የቆመ ካሜራ አነሳው፤ የጎደለውን ለመሙላት እያንዳንዱ ምስል በማግኔት ዲስክ ላይ እየተያዘ ተደጋገመ። ካሜራው የተገጠመው ተዘቅዝቆ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ምስሉ ቃል በቃል ተገልብጦ መጥቶ፣ አንድ ማብሪያ ተጭነው አቀኑት። ዓለም ያየው ያ ጥላ የመሰለ ደብዛዛ ሰው የግልባጭ ግልባጭ ነው። በጣቢያዎቹ የነበሩት ሠራተኞች ከእኛ እጅግ የጠራ ምስል አይተዋል።

የጠራው ምስል እንደመጣ የተቀዳባቸው ቴፖች ነበሩ። ቆየት ብሎ የቀድሞ ባለሙያዎች ሊያወጧቸው ሲፈልጉ የሉም። ናሳ ለዓመታት አስፈልጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የደረሰበት መደምደሚያ፣ ቴፕ ባጠረበት ጊዜ ተጠርገው ሌላ ሥራ ሳይቀዳባቸው እንዳልቀረ ነው። በዚያው ዓመት የተሻሻለው ፊልም የተሠራው ከቴሌቪዥን ጣቢያዎች መዝገብ ቤት ከተገኙ ግልባጮች ነው። የሰው ልጅ የጨረቃ ጉዞ ዋናው ቀጥታ ምስል ጠፍቶ ግልባጩ ቀረ። እኔን ይህ ከጉዞው ባልተናነሰ ይገርመኛል።

ቀጥሎ ምስል ወደ ቁጥር ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ አሜሪካንና አውሮፓን በአንድ ልክ ለካቸው፤ በሴኮንድ 27 ሚሊዮን ባይት። የአንድ ሰዓት ሠርግ በዚህ ልክ ቢቀመጥ ወደ 150 ሲዲ ይፈጃል። መጭመቅ የግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኤምፔግ 1 ከ70 ደቂቃ በላይ ቪዲዮ በአንድ ሲዲ አስገባ፤ በየሰፈሩ የምናውቀው ቪሲዲ እርሱ ነው። ብልሃቱ እንዲህ ነው፤ ዜና አንባቢው ሲናገር ከጀርባው ያለው ግድግዳ አይለወጥም፤ ስለዚህ ግድግዳው አንዴ ይጻፍና ከዚያ በኋላ የተንቀሳቀሰው ብቻ ይመዘገባል። ዓይን አያስተውለውም የተባለ ዝርዝርም ይጣላል። የተጣለው ተመልሶ አይገኝም፤ ፋይሉ እንደገና በተጨመቀ ቁጥርም ሌላ ይጣላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። "ኤም ፒ ፎር" ወይም "ኤ ቪ አይ" የጆንያው ስም ነው፤ ውስጡ ያለው እህል፣ ማለትም የመጭመቂያው ዘዴ፣ ሌላ ነው። አንዳንዴ ጆንያውን መቀየር ብቻ ይበቃል፤ ያኔ ምስሉ ቅንጣት አይጎዳም። ካልሆነ ግን እህሉ እንደገና መፈጨት አለበት። ሁለቱንም የሚሠራውን ኤፍ ኤፍ ኤምፔግ የተባለ ነፃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር ነው፤ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ብዙዎቹ መቀየሪያዎች ከሽፋናቸው በታች እርሱን ያሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ዩቲዩብም ሰው የላከለትን ሁሉ ወደ አንድ ዓይነት መለወጡ ለማደጉ ትልቅ ምክንያት ሆኖታል። ድረ ገጽ ላይ መለወጥ ምቹ ነው፤ ነገር ግን ፋይሉ መጀመሪያ ወደማናውቀው ሰው ኮምፒዩተር ይሄዳል፤ ለከባድ ፋይል ደግሞ የእኛ ኢንተርኔት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ወደ አክስቴ ሠርግ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን የቪዲዮ ቤቱ ሰው አዲስ ካሴት ሰጠን። ዘዴው ያው የጨረቃው ዘዴ ነበር፤ የአሜሪካውን በሚያጫውት ዴክ ቴሌቪዥን ላይ ከፍቶ በራሱ ካሜራ ቀድቶታል። የሁለቱ ፍጥነት ስላልገጠመ በሙሽራዋ ፊት ላይ ጥቁር ጥላ ዝግ ብሎ ያልፋል። ዋናው ካሴት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። በሐምሌ 1990 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ባዶ ካሴት ሲያጣ፣ በመክፈቻው ላይ ፕላስተር ለጥፎ የፈረንሳይንና የብራዚልን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ቀዳበት።

ግልባጩ በኋላ ቪሲዲ ሆነ። ዘንድሮ ከሲዲው ያወጣሁትን "ዳት" የሚል ፋይል ስልኬ አልከፍት ሲለኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ወደ ኤም ፒ ፎር ለውጬ ለአክስቴ በቴሌግራም ላክሁላት። የእሷ ቅጂ ከጠፋ ቆይቷል። ማታ ደወለች፤ አልቅሳለች። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ "ቀለበት ስናደርግ 'ፒያሳ፣ ፒያሳ' እያለ የሚጣራው ማን ነው?"

የቪዲዮ ቤቱ በር ታክሲ ተራው ላይ ነበር።