የመሪ ጥገና ጥበብ በአገራችን ጋራዦች

በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ሲድሊ የምትባለውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፣ በረሓውን አቋርጦና ዳገቱን ወጥቶ ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻ ከአዲስ አበባ ባደረሳት ጊዜ፣ እኔን የሚያስደንቀኝ ከሞተሯ ጕልበት ይልቅ፣ የተጠረገ ጎዳና በሌለበት ምድር ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ስትንገላታ አቅጣጫዋን ሳትስት ያደረሳት የመሪዋ መታዘዝ ነው። ሞተር ቢያንቀላፋ ተሳፋሪው በሰላም ይወርዳል፤ መሪ ቢከዳ ግን ለንስሓ የሚሆን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ የመሪ ጥገና ታሪክ ከሌላው የመካኒክ ሥራ ተለይቶ በራሱ ሊጻፍ የሚገባው ይመስለኛል።

ጥንተ ነገሩን የመረመረ ሰው፣ ይህ ጥበብ ሞተርን ቀድሞ በፈረስ ሠረገላ ዘመን መወለዱን ያገኛል። የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ላንከንስፐርገር፣ በመታጠፊያ ላይ ውስጠኛው መንኰራኵር ከውጭኛው አብልጦ መዞር እንዳለበት አስተውሎ ያወጣውን ዘዴ፣ ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማን በ1818 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር አስመዘገበው፤ ዘዴውም እስከ ዛሬ በወኪሉ ስም ይጠራል። ክቡ መሪም ቢሆን፣ አልፍሬድ ቫሽሮን በ1894 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር በፓናር መኪናው ላይ ገጥሞ ከመቅረቡ በፊት፣ አብዛኞቹ አሽከርካሪዎች መኪናቸውን በዘንግ ነበር የሚመሩት።

በአገራችን ሙያው በስፋት ሥር የሰደደው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣልያን ወረራና ከዚያ በኋላ በተከተሉት ዓመታት ነው። ጠላት መንገድ የቀደደው ለሠራዊቱ ሲል መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሆኖም በጣርማ በርና በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ የተመላለሱት ትሬንታ ኳትሮን የመሰሉ ከባድ የጭነት መኪኖች፣ በሹፌሩ ክንድ ብቻ የሚዞሩ ስለ ነበሩ፣ የመሪያቸውን መጋጠሚያ ፈጥነው ይጨርሱ ነበር። የጣልያን ከባድ መኪኖች መሪ በቀኝ ወገን የተተከለውም፣ ሹፌሩ በተራራ ጎዳና ላይ የገደሉን ጠርዝ ቍልቍል እያየ እንዲነዳ ነው። ከድል በኋላ በአገሩ በቀሩት ጣልያኖች ጋራዥ ውስጥ፣ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረዳትነት ገብተው፣ ክሪክ በማቅረብና ግራሶ በመቀባት ጀምረው፣ ከጊዜ በኋላ ራሳቸው ባለጋራዥ ሆኑ።

እነዚህ ሰዎች ለተከታዮቻቸው ያስተላለፉት ትምህርት በመጽሐፍ ያልሰፈረ ቢሆንም ጽኑ ሥርዐት አለው። የትርጓሜ መምህር ደቀ መዝሙሩን ንባቡን ሳያጸና ወደ ምሥጢሩ እንደማያሳልፈው ሁሉ፣ የሠለጠነ መካኒክም የጎማውን ነፋስና የጥርሱን አበላል ሳይመረምር ወደ ሌላ ነገር አያልፍም። ጥርሱ በእጅ ሲዳሰስ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በተቃራኒው የሚቧጭር ከሆነ፣ የሁለቱ የፊት ጎማዎች ትይዩነት ተዛንፏል። መኪናው ወደ አንድ ወገን የሚሳብ እንደ ሆነ የቀኙንና የግራውን ጎማ ያለዋውጣል፤ መሳቡም አብሮ ከዞረ፣ ጥፋቱ የጎማው እንጂ የመሪው አይደለም።

ከዚህ በኋላ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ይነቀንቀዋል። መላላት ካገኘ ረዳቱን ፍሬን እንዲረግጥ ያዘዋል፤ ፍሬኑ ሲያዝ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ በኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ግን ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በሚታጠፍበት ምሰሶ በፔርኖው፣ ወይም ፔርኖውን በሚያቅፈው ቀለበት በቦኮላው ነው። ቀጥሎ መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ ረዳቱ መሪውን ጥቂት ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዝ፣ እርሱ ከሥር ተጋድሞ ጣቱን በየመጋጠሚያው ላይ ያሳርፋል፤ ዐይን የሳተውን ልልነት ጣት ያገኘዋልና። የመሪውን ጥርስ የያዘውን ሳጥን የሚነካው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ጀማሪ ግን መሪው ባዶውን ሲዞር ባየ ጊዜ የሳጥኑን ማስተካከያ ብሎን ለማጥበቅ ይቸኩላል። ጥርሱ አብዝቶ የሚበላው መኪና ቀጥ ብሎ በሚሄድበት በመካከለኛው ስፍራ ስለ ሆነ፣ መካከሉን ለማጥበቅ የተጠመዘዘው ብሎን ዳር ዳሩን ያንቃል፤ መሪውም ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ መመለስን ይተዋል። እንዲህ ያለውን ጥገና ከጥፋቱ የከፋ ጥፋት እለዋለሁ።

በ1956 ዓ.ም. ሰኔ 1 ቀን የአገራችን ተሽከርካሪ ከግራ ወደ ቀኝ ጎዳና መዛወሩም ለዚህ ሙያ የራሱ ትርጕም አለው። ጎዳና ውሃ እንዲያፈስ ከመካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ፣ ጤነኛ መኪና እንኳ በሚነዳበት ወገን ወደ ዳር ይሳባል። ስለዚህ መሪ የሚፈተነው በደልዳላ ስፍራ ነው።

መለዋወጫ ሲጠፋ ያለቀውን ቦኮላ በቶርኖ ቤት ከነሐስ አስቀርጾ መግጠም ሊመሰገን የሚገባው ብልሃት ነው። የተሰነጠቀ የመሪ ክንድ በብየዳ ጠግኖ መልሶ መግጠምን ግን ምንም ችግር አያጸድቀውም። ብረቱ በእሳቱ ዳር ዳር ጥንካሬውን ያጣል፤ ያጣውንም ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ በዓባይ ሸለቆ ቍልቍለት ላይ ለሃምሳ መንገደኛ ዋስ የሚሆነው ደግሞ ያ ክንድ ነው። እንዲህ ያለውን ብየዳ እንቢ ብሎ ባለመኪናውን ባዶ እጁን የሚመልስ መካኒክ፣ የዕለት ገቢውን ቢያጣም፣ ሥራውን ፈጽሟል።