ለራስ ቅል መልሶ ጥገና ቀዶ ሕክምና የሚያገለግሉ መተኪያዎች

በከባድ አደጋ ወይም በደም መፍሰስ ምክንያት አንጎል ሲያብጥ ግፊቱን ቀንሶ ሕይወትን ለማትረፍ የራስ ቅል አጥንት በከፊል ሊነሳ ይችላል። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ ክፍቱን ቦታ ለመሙላት የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ክራንዮፕላስቲ ይባላል። ዓላማውም መልክን ማስተካከል ብቻ ሳይሆን አንጎልን ከጉዳት መከላከል ጭምር ነው። ለዚሁ አገልግሎት የሚውሉት ዋና ዋና መተኪያዎች የሚከተሉት ናቸው።

የታካሚው የራሱ አጥንት፦ በልኩ የሚገጥምና ከሰውነት ጋር የሚስማማ በመሆኑ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ ይታሰባል። እስኪመለስ ድረስ በከፍተኛ ቅዝቃዜ ወይም በታካሚው የሆድ ቆዳ ሥር ይቀመጣል። ሆኖም ከተመለሰ በኋላ፣ በተለይም በሕፃናት ላይ፣ በሰውነት ተመጥጦ ሊሳሳ ይችላል። የተሰባበረ ወይም በኢንፌክሽን የተበከለ አጥንት ግን ለዚህ አያመችም።

አክሪሊክ፦ ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ዱቄትና ፈሳሽ ተደባልቆ ቅርጽ ይይዛል። ሲጠነክር ሙቀት ስለሚያመነጭ ጥንቃቄ ይሻል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ቲታኒየም፦ ጠንካራ፣ ቀላልና የማይዝግ ብረት ነው። ማግኔት ስለማይስበው በአብዛኛው የኤምአርአይ ምርመራን አይከለክልም፤ ነገር ግን የምስሉን ጥራት ሊያውክ ይችላል። ቆዳ በሳሳበት ቦታም ገልጦ የመውጣት ዕድል አለው።

ፒክ፦ በሲቲ ስካን ልኬት መሠረት ለእያንዳንዱ ታካሚ አስቀድሞ የሚሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የምርመራ ምስልን አያውክም፤ ዋጋው ግን ከፍተኛ ነው።

ሃይድሮክሲአፓታይት፦ ከአጥንት ማዕድን ጋር የሚመሳሰልና ከአጥንት ጋር የሚያያዝ ነው። በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ ብቻውን ለሰፊ ክፍተት አይመረጥም።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ለሁሉም ታካሚ የሚበጅ አንድ መተኪያ የለም። ምርጫው በታካሚው ዕድሜ፣ በክፍተቱ ስፋት፣ በቆዳው ሁኔታ፣ ቀደም ሲል በነበረ ኢንፌክሽንና በአቅም ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ ይመከራል፦

• ከሆስፒታል ከመውጣት በፊት የተነሳው አጥንት የት እንደተቀመጠ ወይም መወገዱን መጠየቅ፤
• ክፍቱ ቦታ እስኪሞላ ድረስ ጭንቅላትን ከመውደቅና ከምት መጠበቅ፤
• የመተኪያውን ዓይነት የሚገልጽ የጽሑፍ ማስረጃ መያዝና ከኤምአርአይ ምርመራ በፊት ለባለሙያው ማሳየት፤
• ትኩሳት፣ የቁስል መቅላት፣ እብጠት ወይም መግል ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ።