የክብር ቦታና የችግር ቦታ

በአገራችን ሕፃን አፉን ከፈታ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከሚማራቸው ቃሎች አንዱ «ኖር» ነው። ታላቅ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የመጣውም ሰው «በእግዚአብሔር! በእግዚአብሔር!» እያለ የተነሡትን ያስቀምጣቸዋል። ይህ ልማድ ሁለት ክፍል ያለው መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲለው እለምናለሁ። አንደኛው የሰጪው ነው፤ ሁለተኛው የተቀባዩ ነው። ሰጪው ቦታውን ይለቃል፤ ተቀባዩ ደግሞ «በእግዚአብሔር፥ አትነሡ» ብሎ ይከለክላል። እኔ በሐይቅና በአምባሰል ትምህርት ቤቶች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሳስተምር ለተማሪዎቼ የመጀመሪያውን ክፍል አጥብቄ አስተምሬአለሁ። ሁለተኛውን ግን እኔው ራሴ ሳልማረው ፀጉሬ ሸበተ። ይህችን ጽሑፍ ያጻፈኝም ይኸው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓይኔን ለመታከም ወደ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ልጄ በመኪናው ወደ አንድ የሕክምና ቤት ወሰደኝ። ዝናብ ይዘንባል፤ ግቢው በመኪና ሞልቷል። ከበሩ አጠገብ ግን አንድ ሰፊ ቦታ ባዶውን ነበር። በመሬቱ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሥዕል በነጭ ቀለም ተስሎበታል። ዘበኛው ሽበቴንና ከዘራዬን አየና መከልከያውን አንሥቶ «ይግቡ አባቴ፥ ይግቡ» አለ። ልጄ አመነታ። «አባባ፥ ይኼ እኮ የአካል ጉዳተኞች ነው» አለኝ። እኔም «ሰውዬው አክብሮ ሰጠን፤ እንቢ ማለት ነውር ነው» ብዬ አስገባሁት። እግሬ ደኅና ነው፤ ከሐይቅ ከተማ እስከ ባሕሩ ዳር በእግሬ እሄዳለሁ። ከዘራውን የያዝሁት ለወግ ነበር።

በመጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሴት ዐሥር ዓመት የሚሆነውን ልጇን አዝላ ገባች። የልጁ እግሮች እንደ ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። ሁለቱም በዝናብ በስብሰዋል። ታክሲ ነጂው የልጁን ተሽከርካሪ ወንበር ተሸክሞ ከኋላዋ መጣ። ታክሲው የቆመው ከውጭው በር አጠገብ ኖሮ፥ ወንበሩም ተጠጋግተው በቆሙት መኪናዎች መካከል አላልፍ ስላለ፥ ልጁን አዝላ ግቢውን ሁሉ ማቋረጥ ግድ ሆኖባት ነበር። እኔም እንደ ልማዴ ብድግ ብዬ «ኖር» አልሁ። እርስዋም ሽበቴን አይታ «በእግዚአብሔር አባቴ፥ አይነሡ» አለችኝ። በሩን የዘጋባት መኪና የእኔ መሆኑን አልነገርኋትም። ያን ቀን ያልተናገርሁትን ዛሬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ነገሩን ከሥሩ መረመርሁት። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔም ሌባ ለመሆን አላሰብሁም። ሁለታችንንም ያሳተን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የችግርን ቦታ የክብር ቦታ አድርገን መቁጠራችን ነው።

ታሪካችን በክብር ቦታ የበለጸገ ነው። ለምሳሌ ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ሐይቅ እስጢፋኖስን እንመልከት። አባ ኢየሱስ ሞዐ በዐሥራ ሦስተኛው መቶ ዓመት ገዳሙን ካቀኑ በኋላ የሐይቅ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» የሚባል ማዕርግ ነበረው። ይህም ማዕርግ ባለቤቱን ከቤተ መንግሥቱ ታላላቆች መካከል የሚያስቆጥር ነበር፤ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1434–1468) የነበሩት ዐቃቤ ሰዓት ዐምኃ ጽዮን ለንጉሡ እጅግ ቅርብ ከነበሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በግብርም ጊዜ ማን በቀኝ፥ ማን በግራ፥ ማን ፊት፥ ማን ኋላ እንደሚቀመጥ ሥርዓት ነበረው። ዛሬም በሠርግና በለቅሶ ቤት፥ በመኪናም ጋቢና ሳይቀር፥ ይህ ሥርዓት አልጠፋም። መልካም ሥርዓት ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የክብር ቦታ የሚሰጠው ሰውዬው ስላለው ነገር ነው፤ ስለ ዕድሜው፥ ስለ ማዕርጉ፥ ስለ ዕውቀቱ። የችግር ቦታ የሚሰጠው ግን ሰውዬው ስለ ጐደለው ነገር ነው። ሁለቱን ያደባለቀ ሰው ለጌታው ሁለት ቦታ ይሰጣል፤ ለድኩሙ አንድም አያስቀርለትም።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ብሆንም የአገሬን የቅዱሳን ታሪክ አከብራለሁ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘንድ እንደ ተማሩ ይነገራል፤ በጸሎት ብዛት አንዲት እግራቸው እንደ ተቆረጠችም ገድላቸው ይተርካል፤ ሠዓሊዎችም እንዲሁ ይሥሏቸዋል። እንግዲህ ባንድ እግር የቆሙትን ጻድቅ ሥዕል እየሳመ የሚወጣ ሰው ባንድ እግሩ በምርኩዝ የቆመውን ጐረቤቱን ገፍቶ ቢያልፍ ምን ይባላል?

ደግሞም ድኩም የሚባለው ሌላ ዘር አይደለም። ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በጳጉሜን ወር መጨረሻ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ፤ በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በቶኪዮ ደገመው። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. ግን ወደ እኛ ወደ ወሎ በሚያመጣው መንገድ በሸኖ አጠገብ ፎልክስዋገን መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ከመንቀሳቀስ ቀሩ። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በዚያም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1962 ዓ.ም. በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በጥቅምት ወር 1966 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ በእግሩ አልሄደም። በዓለም ላይ በእግሩ የታወቀው ሰው እንዲህ ከሆነ፥ «እኔን አያገኘኝም» የሚል ማነው? በእኛም ወሎ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወረደብን ጊዜ ሰው ጧት በደኅና እግሩ ወጥቶ ማታ እንደማይመለስበት አይተናል።

አበበ በተጐዳበት በዚያው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. ያ እኔ መኪና ያቆምሁበት ሥዕል ለዓለም ሁሉ ምልክት ሆኖ ተመረጠ። ሥዕሉን በ1968 የነደፈችው ሱዛን ኮፎድ የምትባል ዴንማርካዊት ተማሪ ናት። ስትነድፈው ወንበሩ ብቻ እንጂ ራስ አልነበረውም፤ በኋላ ካርል ሞንታን የተባለ ሰው ክብ ራስ ጨመረበትና ወንበሩ ሰው ሆነ። ይህ ትልቅ ምሥጢር አለው። ብዙዎቻችን ዛሬም የምናየው ወንበሩን እንጂ ራሱን አይደለምና።

እንግሊዞች በ1970 ሕግ አውጥተው ከ1971 ጀምሮ ለአካል ጉዳተኛ የመኪና መታወቂያ መስጠት ጀመሩ። ሕፃናት ለያዙ ወላጆች ግን በዚያ አገር ባለሱቆች በየገበያው ደጅ ሰፊ ቦታ የሚለዩት በዚህ የመታወቂያ ሕግ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። በአገራችንም በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትና ደረጃ ለመውጣት ለማይችሉት መግቢያ እንዲኖረው አዘዘ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጸደቀች። ሕጉ አለ ማለት ነው። ነገር ግን ሕግ በየደጁ አይቆምም፤ በየደጁ የሚቆመው ዘበኛው፥ ነጂውና ተሳፋሪው ነው።

ስለዚህ ለወጣቶች ጥቂት ምክር እሰጣለሁ። የአካል ጉዳተኛ ምልክት ባለበት ቦታ «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብለህ አትቁም፤ የአንተ አንድ ደቂቃ የሌላው ሰው ግቢ ሙሉ ዝናብ ናትና። ቦታው ሰፊ የሆነው ለከንቱ አይደለም፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ወንበሩ ከጐኑ እንዲዘረጋ ነው። ስለዚህ ጠርዙን ብቻ መያዝም ሙሉውን እንደ መያዝ ነው። በሐይቅ ከተማ ባጃጅ የምትነዳ ልጄ ሆይ፥ በጤና ጣቢያ ወይም በባንክ ደጅ ያለ ደረጃ የተሠራውን መውጫ አትዝጋው። ልጅ ያዘለች ወይም ነፍሰ ጡር ሴት በመናኸሪያ ብታይ ሰልፍህን ልቀቅላት፤ አንቀልባ ሰፊ የመኪና በር ባይሻም መቀመጫ ይሻል። ደግሞም ደኅና መስሎ የሚታይህን ሰው «አንተ ምን ሆነህ ነው?» ብለህ በሕዝብ ፊት አትመርምረው፤ የልብ ሕመምና ከሱሪ ሥር ያለ ሰው ሠራሽ እግር አይታዩምና። ፍርድህን ለራስህ አድርግ።

አንተም ዘበኛ የሆንህ ወንድሜ፥ ሽማግሌ ማክበርህ ይባረክ። ነገር ግን የራስህን ወንበር ልቀቅልኝ እንጂ የሌላውን አትስጠኝ። ሰው የሚለግሰው ከገዛ ገንዘቡ ነው።

ለእኔ ለቢጤዎቼ፥ ለሸበትነው፥ የምናገረው የመጨረሻው ነው። ክብር መቀበልን ለምደናል፤ «ኖር» ሲሉን ደስ ይለናል። አባቶቻችን ግን «በእግዚአብሔር» የሚለውን መልስ ያስተማሩን በከንቱ አልነበረም፤ ክብር የሚገባው ሰው ክብርን መመለስ እንዲችል ነው። ያን ቀን ለዘበኛው «በእግዚአብሔር ወንድሜ፥ ቦታው ባለቤት አለው» ብለው ኖሮ ያ ልጅ ባልበሰበሰ ነበር። እናቱ የበሰበሰ ነጠላዋን ሳትጨምቅ፥ ሸክሟንም ሳታወርድ፥ ቃሉን ለእኔ ተናገረችው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ከእርስዋ ተማርሁ።