ከዳዊት እስከ ኪራይ መጽሐፍ፦ የታዳጊዎች የቤት ንባብ ታሪክ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቆየ ትምህርት ውስጥ ንባብ ራሱን የቻለ ደረጃ ሲሆን፣ ፊደል የለየ ልጅ የኔታ ፊት ተቀምጦ ፊደሉን አንድ በአንድ ከመቁጠር ይነሣና ቁም ንባብ ወደሚባለው፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ የሚነሣውንና የሚወድቀውን ድምፅ ለይቶ ወደሚያነብበት ደረጃ ይሸጋገራል። የዚህ ትምህርት ዋና መጽሐፍ 150 መዝሙራት ያሉት ዳዊት ነበር፤ ልጁ ዳዊት የደገመ፣ ማለትም አንብቦ የጨረሰ ዕለት ወላጆቹ እንደ አቅማቸው ደግሰው መምህሩንና ጎረቤቱን ያበሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ማኅደር በተባለው የቆዳ ማስቀመጫው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዳዊት አውርዶ ለቤተሰቡ የሚያነብበው ልጁ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ወላጆች ራሳቸው ፊደል ያልቆጠሩ ስለነበሩ ለንባቡ የሚያዋጡት ስንቁን፣ ከከብት ጥበቃ የተረፈለትን ጊዜና በጽሞና መስማታቸውን ነበር። ይህ መዋጮ ቀላል አልነበረም። ሴቶች ልጆች ግን በአብዛኛው ከዚህ ዕድል ውጭ መቅረታቸው የዚህ ሥርዓት ትልቅ ጉድለት ነው።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ቀስ በቀስ ወደ ከተሜው ቤት ገባ። በታዳጊዎች ንባብ ላይ የበለጠ ለውጥ ያመጣው ግን የትምህርት ቋንቋ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ በነበሩት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ተማሪው ሒሳቡንም ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ እንዲማር ይገደድ ስለነበር፣ በራሱ ፍላጎት ረጅም የአማርኛ ልቦለድ የሚያነብበት ዋናው ስፍራ ቤቱ ሆነ። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለው የቤተሰብ አባል ሁሉ ከተማሪው ጋር እኩል ታሪኩን ተከታተለ።

መጽሐፍ መግዛት ለማይችለው ደግሞ ኪራይ ነበረለት። በደርግ ዘመን በየከተማው የነበሩ አከራዮች መያዣ ተቀብለው በሳንቲም ሒሳብ መጽሐፍ ያውሱ ስለነበር፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠና ዳሩ ተልጦ እንደገና የተሰፋ አንድ ልቦለድ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ ብዙ ሰው ያነብበው ነበር፤ ኪራዩ በቀን ይታሰብ ስለነበርም ተከራዩ ሌሊቱን ጭምር ማንበብ ነበረበት። በዚህ ጊዜ መብራት አጥፋ ያላሉና ሳንቲሟን ከአስቤዛ ቀንሰው የሰጡ ወላጆች፣ እንደ ቀድሞዎቹ ሁሉ፣ ብዙዎቹ ማንበብ የማይችሉ ነበሩ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከእነዚህ ወላጆች ብዙዎቹን ፊደል አስቆጥሯል፤ ልጆቻቸውን አንባቢ ያደረጓቸው ግን አስቀድመው ነው፤ የኢትዮጵያ የንባብ ታሪክ ሲጻፍም ከደራሲያኑና ከአታሚዎቹ እኩል ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል።