ከቦርሳ የወጣ ዘመን

ካርቱም፣ ሐበሻ በሚበዛበት ዴም ሰፈር ስኖር፣ ቡና የምታፈላልን ሴት ሬዲዮኗን ከኦምዱርማን ጣቢያ ንቅንቅ አታደርገውም ነበር። የሙዚቃ አቅራቢ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የገባኝ እዚያ ነው።

ጣቢያውን እንግሊዞች በ1940 እ.ኤ.አ. የከፈቱት ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወሬ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ለዘፈኑ ጆሮውን ሰጠ። በ1950ዎቹ ሳላህ አህመድ መሐመድ ሳሊህ የተባለ አቅራቢ «ሐቂበት አል ፈን»፣ የጥበብ ቦርሳ ማለት ነው፣ የሚል ዝግጅት ጀመረ። ከ1920ዎቹ ወዲህ እነ ሱሩርና እነ ከሩማ የተባሉት ዘፋኞች በጭብጨባና በከበሮ የዘፈኗቸውን፣ ከኡድና ከቫዮሊኑ በፊት የነበሩትን ዜማዎች ለአየር አበቃ። አድማጩም ያንን የዘፈን ዘመን በሙሉ በዝግጅቱ ስም «ሐቂባ» ብሎ ጠራው፤ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው። ለአንድ አቅራቢ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?

የዘፈኖቹ ቅኝት እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ፣ ዐረብኛው ባይገባን እንኳ ዜማው አይጎረብጠንም ነበር። ያ አቅራቢ የቆየ ዘፈን ለአድማጭ ሲያደርስ፣ ዛሬ ግን አንዳንዱ አቅራቢ በወሬው ዘፈኑን ይቀብረዋል።

በዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ የሙዚቃ ሰዓት የተሰጣችሁ ልጆች፣ እባካችሁ አዲሱን ብቻ አትደጋግሙ፤ የአያቶቻችሁን ሸክላ ፈልጉ፣ የዘፋኙንም ስም ጥሩ።