የአለት ዑደት

«ዑደት» ሲባል ብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር ነው። ቃሉ ከግዕዙ «ዖደ» የመጣ ነው፤ ዞረ ማለት ነው። ዑደት አቅጣጫው የታወቀ ነው፣ መጨረሻውም የተነሱበት ቦታ ነው። የ7ኛ ወይም የ8ኛ ክፍል ተማሪም «የአለት ዑደት» የሚለውን ሲሰማ ይኸው ክብ ይታየዋል፦ ቅልጥ አለት፣ ከዚያ ዝቅጥ አለት፣ ከዚያ ልውጥ አለት፣ ከዚያም እንደገና መቅለጥ። አለት ግን ተራ ጠብቆ አይዞርም።

የአለት ዑደት ማለት አለት በሙቀት፣ በግፊት፣ በውሃና በነፋስ ኃይል ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው የሚለወጥበት የማያቋርጥ ሂደት ነው። ሐሳቡን ቀድመው በግልጽ ካቀረቡት አንዱ የስኮትላንዱ ጄምስ ሁተን ነው። በ1785 እ.ኤ.አ. በኤድንብራ ባቀረበው ንግግር፣ ከየብስ የታጠበ አፈር ባሕር ሥር ተከማችቶ አለት እንደሚሆን፣ በምድር ውስጥ ሙቀትም ተገፍቶ ተመልሶ የብስ እንደሚሆን አስረዳ።

ከሦስቱ ስሞች ሁለቱ ራሳቸውን ይገልጻሉ። ቅልጥ አለት ቀልጦ የነበረ፣ ቀዝቅዞ የጠጠረ ነው። ዝቅጥ አለት ውሃ ወይም ነፋስ ያመጣው ደለል ተደራርቦና ተጣብቆ የሚሠራው ነው። ተማሪ የሚሳሳተው በሦስተኛው ነው። «ልውጥ» ሲባል «ቀልጦ ተለወጠ» ብሎ ይረዳል፤ ከቀለጠማ ቅልጥ አለት ሆነ ማለት ነው! እኔ ከምጣድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁለትም። ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ጠፍጥፋ፣ አድርቃ፣ በእሳት ታቃጥለዋለች። ከእሳቱ የወጣው ምጣድ ውሃ ቢፈስበት ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ጠንክሯል፣ ቀለሙ ሌላ ሆኗል፤ ነገር ግን አንዴም አልቀለጠም። ሰም ግን እሳት ሲነካው ይፈስሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ሰሙ የቅልጥ አለት፣ ምጣዱ የልውጥ አለት ምሳሌ ይሁኑ። ምጣዱ የማያሳየን ግፊትን ብቻ ነው፤ ከምድር በታች ሙቀቱ ላይ የላዩ አለት ክብደት ይጨመርበታል። በቤኒሻንጉል ዳለቲ የሚወጣው እብነ በረድ በአንድ ዘመን የኖራ ድንጋይ የነበረ ልውጥ አለት ነው።

መንገዱ አንድ አለመሆኑን ለማሳየት ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያሻግረው የአባይ በረሃ ይበቃል። ከላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ፣ ባዛልት የሚባል ቅልጥ አለት አለ። ከሥሩ ደግሞ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው፣ ባሕር አገሩን በሸፈነበት ዘመን የተከማቸ የኖራ ድንጋይ ይታያል። ይህ የኖራ ድንጋይ በጥልቅ ቢቀበር እብነ በረድ ሊሆን ይችላል፤ ወንዙ ከሸረሸረው ደግሞ ልውጥ ሳይሆን ቅልጥም ሳይሆን በቀጥታ ሌላ ዝቅጥ ይሆናል። ባዛልቱም ደለል ሳይሆን፣ ተቀብሮ ልውጥ አለት መሆን ይችላል፤ ተመልሶ መቅለጥም እንዲሁ።

ስለዚህ «ዑደት» የሚለውን ቃል እንተው አልልም፤ ተማሪው ከ«የውሃ ዑደት» ጀምሮ ለምዶታል፣ ቁሱ እንደማይጠፋም በደንብ ይናገራል። ሰሌዳው ላይ ግን ክብ ብቻ አይሳል። ሦስቱ ስሞች ተራርቀው ይጻፉ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ወደ ራሱም ጭምር ቀስት ይውጣ። ከዚያ ለተማሪው አንድ ድንጋይ አስይዞ «ከዚህ ወዴት ሊሄድ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጮቄ ተራራ ላይ ያለው ባዛልት ለምሳሌ በየክረምቱ አፈር ሆኖ እየታጠበ አባይን ያደፈርሳል፤ ዛሬ ብዙው የሚዘቅጠው ጉባ ላይ፣ የሕዳሴው ግድብ ከያዘው ሐይቅ ሥር ነው።